በቅርጫት ኳስ ሜዳ የሚዘወተሩ የደንብ ጥሰቶችና የሚያስነሱት ውዝግብ

በመሥሪያ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በክለቦች መካከል በሚካሄዱ የቅርጫት ኳስ ግጥሚያዎች ላይ ከሚነሱ ቅሬታዎች ብዙዎቹ ከዳኛ ወገንተኝነት ወይም ከተጫዋቾች የሥነ ምግባር ጉድለት ይልቅ ደንቡን ካለማወቅ የሚመነጩ ናቸው። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ማንም ማንንም እንዳልነካ በዓይኑ ያየ ተመልካች «ምን ተገኝቶ ነው?» ሲል ይጠይቃል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሁለት ተጫዋቾች ተጋጭተው አንደኛው ወለሉ ላይ ሲዘረር ዳኛው ጨዋታው እንዲቀጥል ያደርጋል፤ በዚህን ጊዜ ጩኸቱ ይበረታል። ይሁንና በሁለቱም አጋጣሚዎች ዳኛው ትክክል ሊሆን ይችላል።

የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን /ፊባ/ የጨዋታ ደንብ በሜዳ ውስጥ የሚፈጸሙ ስህተቶችን በሁለት ከፍሎ ያያቸዋል። የመጀመሪያው የደንብ ጥሰት ነው። ይህም ተጫዋቹ ኳሱን የያዘበት፣ የተንቀሳቀሰበት፣ የቆመበት ወይም የዘገየበት ሁኔታ ከተፈቀደው ውጭ ሆኖ ሲገኝ የሚሰጥ ውሳኔ ሲሆን፣ ቅጣቱ በአብዛኛው ኳሱን ለተጋጣሚ ማስረከብ ብቻ ነው። በተጫዋቹ ስም የሚመዘገብ ነገር የለም። ሁለተኛው በተለምዶ ፋውል የሚባለው ጥፋት ነው። ይህ ከተጋጣሚ ጋር በሚደረግ ሕገወጥ የአካል ንክኪ ወይም ከስፖርታዊ ጨዋነት ውጭ በሆነ ድርጊት የሚመጣ ሲሆን፣ በውጤት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ በፈጻሚው ስም ይሰፍራል። አምስት ጥፋት የተመዘገበበት ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣል። ቡድኑም በአንድ የ10 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አራት ጥፋት ከሞላ በኋላ፣ ኳሱን ባልያዘበት ጊዜ በሚፈጽመው እያንዳንዱ ተጨማሪ ጥፋት ተጋጣሚው ሁለት የቅጣት ውርወራ ያገኛል።

ነገሩን ለመሥሪያ ቤት ሰው በሚቀርብ ምሳሌ ለመግለጽ ያህል፣ የደንብ ጥሰት ሥርዓቱን ሳይጠብቅ የተጻፈ ደብዳቤን ለላኪው እንደ መመለስ ሲሆን፣ ፋውል ግን በግል ማኅደር ውስጥ እንደሚቀመጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለቱን ለመለየት የዳኛውን እጅ መመልከት ይበቃል። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ የተዘረጋ መዳፉን ወደ ላይ ካነሣ የደንብ ጥሰት ተፈጽሟል ማለት ነው፤ የተጨበጠ እጁን ካነሣ ግን ጥፋት ተመዝግቧል። ይህን ምልክት ብቻ ያወቀ ተመልካች ከሜዳ ዳር የሚሰማውን ክርክር ግማሽ ያህሉን ይቋጨዋል።

ለውዝግቡ ሌላው መንስኤ ቴሌቪዥን ነው። በርካታ ተመልካቾችና ወጣት ተጫዋቾች ቅርጫት ኳስን የሚያውቁት በአሜሪካው ኤን ቢ ኤ ሊግ ጨዋታዎች አማካይነት ነው። ሊጉ ግን የራሱ የሆነ ደንብ አለው። በዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ 12 ደቂቃ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ከሜዳ የሚወጣው በስድስተኛው ጥፋት ነው። ተከላካይም ቢሆን የሚጠብቀው ሰው ሳይኖር ከቅርጫቱ ሥር ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆመ ይቀጣል። ተጫዋቹ ራሱ ከሜዳ ውስጥ ሆኖ የእረፍት ጊዜ መጠየቅም ይችላል። በፊባ ደንብ ከእነዚህ አንዱም የለም። የእረፍት ጊዜ የሚጠይቀው አሠልጣኙ ወይም ምክትሉ ሲሆን፣ ጥያቄውም የሚቀርበው ለጠረጴዛ ዳኞች ነው። ኢትዮጵያ የፊባ አባል እንደመሆኗ በአገር ውስጥ የሚካሄዱ ውድድሮች የሚዳኙት በዚሁ ደንብ ነው። በመሆኑም ማታ በቴሌቪዥን ያዩትን ይዞ በማግስቱ ዳኛን መሞገት አያዋጣም።

ከጥሰቶች ሁሉ በብዛት የሚፈጸመውና በብዛት የሚያከራክረው ኳስ ይዞ መራመድ ነው። ይህን ክልከላ በሚገባ ለመረዳት ወደ ስፖርቱ አነሳስ መመለስ ይጠቅማል። ቅርጫት ኳስ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ውስጥ ነው። ቦታው በአገራችን ወወክማ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ፈጣሪው ደግሞ ትውልደ ካናዳዊው መምህር ጄምስ ናይስሚዝ ነበር። መምህሩ በክረምቱ ቅዝቃዜ ከቤት መውጣት ላልቻሉ ተማሪዎቹ በአዳራሽ ውስጥ የሚሆን ጨዋታ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ሜዳ ላይ የሚዘወተሩትን ጨዋታዎች ወደ አዳራሽ ለማስገባት ቢታሰብም፣ በእንጨት ወለል ላይ ተጫዋች ጠልፎ መጣል ጉዳት ማስከተሉ አይቀርም።

ናይስሚዝ ጥያቄውን ከሥሩ መረመረው። ተጫዋቾች ለምን ተጋጣሚያቸውን ይጥላሉ? ኳሱን ይዞ ስለሚሮጥ ነው። እንግዲያው ኳስ ይዞ መሮጥ ቢከለከል ማንንም መጣል አያስፈልግም። በዚህ መነሻ ካወጣቸው 13 አንቀጾች ሦስተኛው ተጫዋች ኳሱን ይዞ መሮጥ እንደማይችልና ከያዘበት ቦታ መወርወር እንዳለበት ደነገገ፤ በፍጥነት እየሮጠ ኳስ ለሚቀበል ሰው ግን፣ ለመቆም እስከጣረ ድረስ፣ ይቅርታ ተደረገለት። በእነዚያ አንቀጾች ውስጥ ኳስ ማንጠር የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም። ማንጠር የመጣው ኋላ ላይ፣ ተጫዋቾች በደንቡ ክፍተት ተጠቅመው ለራሳቸው ማቀበል በጀመሩ ጊዜ ነው። መራመድን የሚመለከተው የዛሬው ድንጋጌ ምንም ያህል ቢወሳሰብ፣ ያ «ለመቆም የሚጥር ሰው» ምን ያህል እርምጃ ይፈቀድለት ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

በአሁኑ ደንብ ኳስ ተቀባዩ ቆሞ ወይም እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም እግሩ ቆሞ ኳስ የተቀበለ ተጫዋች አንዱን እግር ባነሣበት ቅጽበት ሌላው እግር እንደ ምሰሶ ይቆጠራል። በዚህ ምሰሶ እግር ላይ ሆኖ በሌላው እግሩ ወዳሻው አቅጣጫ መዞር ይችላል፤ ዙሩም ገደብ የለውም። ማንጠር ከፈለገ ግን ምሰሶው እግር ከወለሉ ከመነሣቱ በፊት ኳሱ ከእጁ መውጣት አለበት። ጀማሪ ተጫዋቾች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሰውነታቸው ወደፊት ይቀድማል፣ እግራቸው ይከተላል፣ ኳሱ መጨረሻ ላይ ይነጥራል። ለማቀበል ወይም ወደ ቅርጫቱ ለመወርወር ከሆነ ግን ምሰሶው እግር ሊነሣ ይችላል፤ ዋናው ነገር ኳሱ ከእጅ ሳይወጣ እግር ተመልሶ ወለል አለመንካቱ ነው።

እየሮጠ ኳስ የሚቀበል ወይም ማንጠሩን የሚያቆም ተጫዋች ደግሞ ለመቆም፣ ለማቀበል ወይም ለመወርወር ሁለት እርምጃ ይፈቀድለታል። ፊባ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ማሻሻያ መሠረት፣ ኳሱን በቁጥጥሩ ሥር ባደረገበት ቅጽበት ወለል ላይ የነበረው እግር ከሁለቱ እርምጃዎች እንደ አንዱ አይቆጠርም። መቁጠር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ወለል ከሚነካው እግር ነው። በመሆኑም ከማሻሻያው በፊት ደንቡን የተማረ ተመልካች ሦስት እርምጃ ቆጥሮ «ተራመደ!» ቢል አይፈረድበትም፤ ዳኛው ግን ሁለት ነው የቆጠረው። በሌላ በኩል ተጫዋቹ ኳሱን ከተቀበለ በኋላ ማንጠር የሚፈልግ ከሆነ ሁለተኛውን እርምጃ ሳያሳርፍ ኳሱን መልቀቅ ይጠበቅበታል።

ስለ ወደቀ ተጫዋችም አንድ ነገር ማከል ተገቢ ነው። ኳስ ይዞ ወለል ላይ የወደቀ ወይም በወደቀበት ፍጥነት የተንሸራተተ ተጫዋች አላጠፋም። ኳሱን እንደያዘ ከተንከባለለ ወይም ለመነሣት ከሞከረ ግን ጥሰት ነው። ብዙ ጊዜ ዳኛው ለወደቀው ሰው አዝኖ ዝም ያለ የሚመስለው ተመልካች፣ በእርግጥ ያየው ደንቡ ሲተገበር ነው።

ከመራመድ ጋር የሚቀራረበው ጥሰት ማንጠርን ሁለት ጊዜ መጀመር፣ በተለምዶ ደብል የሚባለው ነው። ተጫዋቹ ኳሱን በሁለት እጁ በአንድ ጊዜ የነካ እንደሆነ ወይም ኳሱ በአንድ እጁም ቢሆን መዳፉ ላይ ካረፈ ማንጠሩ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ማቀበል ወይም መወርወር እንጂ ዳግም ማንጠር አይችልም። ኳሱን ከሥሩ ደግፎ ለአፍታ ተሸክሞ መቀጠልም በዚሁ ይታያል። ዳግም ማንጠር የሚፈቀደው ኳሱን ወደ ቅርጫት ወርውሮ ከነበረ፣ ተጋጣሚ ነክቶበት ካመለጠው፣ ወይም ያቀበለው ኳስ ሌላ ተጫዋች ነክቶ ከተመለሰለት ነው። ሊይዘው ሲል ከእጁ ያመለጠውን ኳስ ሮጦ መያዝም ጥሰት አይደለም፤ ማምለጥ ማንጠር አይደለምና።

እግር ኳስን ለምዶ ወደ ቅርጫት ኳስ የመጣ ተመልካች ደግሞ በመስመር ጉዳይ ይሳሳታል። በእግር ኳስ መስመሩ የሜዳው አካል በመሆኑ ኳሱ ሙሉ በሙሉ ካላለፈው አልወጣም። በቅርጫት ኳስ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። 28 ሜትር በ15 ሜትር የሆነውን ሜዳ የሚያጥሩት መስመሮች የሜዳው አካል ስላልሆኑ የጫማ ጫፍ መስመሩን ከነካ ተጫዋቹ ውጭ ነው። በአንጻሩ ኳሱ በአየር ላይ እያለ መስመሩን ቢያልፍም ከሜዳ ውጭ ያለ ሰው ወይም ነገር እስካልነካው ድረስ በጨዋታ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ተጫዋቾች ከሜዳ ውስጥ ዘለው አየር ላይ እንዳሉ ኳስ የሚያድኑት። የሦስት ነጥብ መስመርም እንዲሁ ነው። ከቅርጫቱ 6 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተሠመረውን ይህን መስመር የረገጠ ወርዋሪ የሚያገኘው ሁለት ነጥብ ነው።

የመሀል መስመሩ በበኩሉ ለአጥቂው ቡድን የኋላ ሜዳው አካል ተደርጎ ይቆጠራል። የኋላ ሜዳ የሚባለው ቡድኑ የሚከላከልበት ግማሽ ነው። ኳሱን ወደፊት ሜዳ ያሻገረ ቡድን መልሶ ወደኋላ ወስዶ ሊጫወትበት አይችልም፤ ኳስ ይዞ በተረከዝ የመሀል መስመሩን መርገጥም በዚሁ ያስቀጣል። ኳሱ ተሻገረ የሚባለው፣ እያነጠረ ለሚሄድ ተጫዋች፣ ኳሱና ሁለቱም እግሮቹ ሙሉ በሙሉ የፊት ሜዳ ወለል ላይ ሲያርፉ ነው። ስለሆነም አንድ እግሩ አልፎ ሌላው ኋላ የቀረ ተጫዋች ሐሳቡን ቀይሮ ቢመለስ ጥፋት የለበትም።

ቀጥሎ የምናገኛቸው በሰከንድ የሚለኩ ጥሰቶች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በታሪኩም በውጤቱም ትልቁን ስፍራ የሚይዘው የ24 ሰከንድ ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ የተባለው ቡድን ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ 18 አሸነፈ። ይህ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሳይሆን የሙሉው ጨዋታ ውጤት ነው። ሌከርስ በወቅቱ የሊጉ ግዙፍ ተጫዋች የነበረውን ጆርጅ ማይካንን ይዞ ስለነበር፣ ፒስተንሶች ኳሱን ይዘው ከመቆም የተሻለ መላ አላገኙም። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ ያስቆጠሩት አራት ነጥብ ብቻ ነበር። በጊዜው የነበረው ደንብ ይህን አይከለክልም፤ ገንዘቡን ከፍሎ የገባው ተመልካች ግን የቆሙ ሰዎችን ሲያይ አመሸ።

መፍትሔው የተገኘው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የሲራኪውስ ቡድን ባለቤት የነበሩት ዳኒ ቢያሶኒ በጥሩ ጨዋታዎች ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ ወደ 120 ጊዜ ያህል ወደ ቅርጫቱ እንደሚወረውሩ አስተዋሉ። የ48 ደቂቃውን ጨዋታ 2 ሺህ 880 ሰከንድ ለ120 ሲያካፍሉት 24 ሆነ። ኤን ቢ ኤ ደንቡን እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ላይ ባዋለበት የመጀመሪያ ዓመት የአንድ ቡድን አማካይ ውጤት ከ79 ነጥብ 5 ወደ 93 ነጥብ 1 አደገ። ፊባ እ.ኤ.አ. በ1956 የ30 ሰከንድ ገደብ ያወጣ ሲሆን፣ ወደ 24 ያወረደው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በተራ ሒሳብ ላይ ተመሥርቶ ያወጣው መመሪያ ይህን ያህል ውጤት ያመጣበትን ሌላ ምሳሌ ማግኘት ቀላል አይመስልም።

አፈጻጸሙ ላይ ግን ክርክር አይጠፋም። ኳሱን የያዘው ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር ብቻ ሳይሆን፣ የተወረወረው ኳስ ቅርጫቱ ውስጥ መግባት ወይም ቢያንስ የቅርጫቱን ቀለበት መንካት ይኖርበታል። ሰሌዳውን ብቻ መንካት አይቆጠርም። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ኳሱ በአየር ላይ እያለ ቢሰማና ኳሱ ቢገባ ነጥቡ ይጸድቃል፤ ቀለበቱን ነክቶ ቢመለስም ጨዋታው ይቀጥላል። ቀለበቱን ካልነካ ጥሰት ነው፤ ሆኖም ተጋጣሚው ኳሱን ወዲያውኑ በግልጽ ከተቆጣጠረ ዳኛው ድምፁን ችላ ብሎ ጨዋታውን ያስቀጥላል። ኳሱ ቀለበቱን ነክቶ ሲመለስ ያው አጥቂ ቡድን መልሶ ካገኘው የሚሰጠው አዲስ ጊዜ 24 ሳይሆን 14 ሰከንድ ነው። ሁለተኛውን የሰዓት ሰሌዳ ለመትከል አቅም በሌለባቸው ሜዳዎች አንድ የጠረጴዛ ዳኛ በእጅ ሰዓት እየያዘ ቀሪውን ጊዜ ጮክ ብሎ እንዲያሰማ ከግጥሚያው በፊት ከሁለቱ አሠልጣኞች ጋር ቢስማሙ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

የሦስት ሰከንድ ደንብ ከዚህ የሚተናነስ አይደለም። በቅርጫቱ ሥር 5 ነጥብ 8 ሜትር በ4 ነጥብ 9 ሜትር የሆነ የተከለለ ክልል አለ። የአጥቂው ቡድን ተጫዋች በዚህ ክልል ውስጥ በተከታታይ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆየት አይችልም። የክልከላው ዓላማ ቁመተ ረጅሙ ሰው ቅርጫቱ ሥር ተተክሎ ኳስ እየጠበቀ እንዳይውል ማድረግ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ማይካን ባስቸገረ ጊዜ ኤን ቢ ኤ እ.ኤ.አ. በ1951 የክልሉን ስፋት ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ አሳድጎታል። ክልሉን የሚከብቡት መስመሮች የክልሉ አካል ስለሆኑ መስመር ረግጦ የቆመ ሰው ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል፤ ወጣ ለመባልም ሁለቱንም እግሩን ውጭ ማሳረፍ አለበት።

ተመልካቹ የሚሳሳተው መቁጠር የሚጀመርበትን ጊዜ ባለማወቅ ነው። ሦስቱ ሰከንድ የሚቆጠሩት ቡድኑ ኳሱን በፊት ሜዳው ተቆጣጥሮ ሰዓቱም እየሠራ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው። ኳሱ ተወርውሮ በአየር ላይ እያለ፣ ወይም ተጫዋቾች ከቀለበቱ የተመለሰውን ኳስ ለማግኘት በሚሻሙበት ጊዜ፣ ኳሱ በማንም ቁጥጥር ሥር ስላልሆነ ቆጠራ የለም። ተጫዋቹ ለመውጣት እየሞከረ ከሆነ ወይም የቡድን ጓደኛው ለመወርወር ተነሥቶ ከሆነም ዳኛው በትዕግሥት ያልፈዋል። በዚህም ምክንያት ተመልካች ስድስትና ሰባት ቆጥሮ ሲጮህ ዳኛው ገና ያልጀመረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ቀሪዎቹን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በኋላ ሜዳው ኳስ ያገኘ ቡድን በ8 ሰከንድ ውስጥ ወደፊት ሜዳ ማሻገር አለበት፤ ይህ ገደብ እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ 10 ሰከንድ ነበር። ከመስመር ውጭ ሆኖ ኳስ የሚያስገባ ተጫዋች፣ የቅጣት ውርወራ የሚወረውር፣ እንዲሁም ኳስ ይዞ ቆሞ ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ርቀት በንቃት የሚጠበቅ ተጫዋች እያንዳንዳቸው 5 ሰከንድ ብቻ አላቸው። ኳስን ሆን ብሎ በእግር መምታት ወይም ማገድ ጥሰት ሲሆን፣ ሳይታሰብ እግር ላይ ማረፉ ግን ምንም አያስከትልም።

በቅርጫቱ አፍ ላይ ኳስን ማገድ ከሌሎቹ የሚለየው በቅጣቱ ነው። እንደ ማይካንና ቦብ ከርላንድ ያሉ ረጃጅም ተጫዋቾች ሊገባ የተቃረበ ኳስ ከቀለበቱ በላይ እየጠለፉ በማስቸገራቸው የአሜሪካ ኮሌጆች ድርጊቱን እ.ኤ.አ. በ1944 ከለከሉ። በፊባ ደንብ ወደ ቅርጫት የተወረወረ ኳስ፣ ሙሉ በሙሉ ከ3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትሩ ቀለበት በላይ ሆኖ ወደ ታች መውረድ ከጀመረ በኋላ ማንም ሊነካው አይችልም። የነካው ተከላካይ ከሆነ ኳሱ ባይገባም እንደገባ ተቆጥሮ ነጥቡ ይሰጣል፤ አጥቂ ከሆነ ነጥብ የለም፣ ኳሱም ለተጋጣሚ ይሰጣል። ኳሱ ቀለበቱን ከነካ በኋላ ግን በጨዋታ ሂደት ውስጥ ማንኛውም ተጫዋች፣ ቀለበቱንና ሰሌዳውን ሳይነካ፣ ሊመታው ይችላል። በኤን ቢ ኤ ደንብ ኳሱ ከቀለበቱ በላይ እስካለ ድረስ ይህ ክልክል በመሆኑ፣ በአገር ውስጥ ግጥሚያዎች ላይ «ነጥቡ ይጽደቅ» የሚል ተቃውሞ በተደጋጋሚ የሚሰማው በዚህ ልዩነት የተነሣ ነው።

በመግቢያው ላይ ስለተነሣው ግጭትም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በቅርጫት ኳስ ንክኪ ሁሉ ጥፋት አይደለም። ማንም ያልያዘውን ኳስ ለማግኘት እኩል መብት ያላቸው ሁለት ተጫዋቾች ሮጠው ቢጋጩ፣ ግጭቱ ከባድ ቢሆንም እንኳ፣ ዳኛው እንደ አጋጣሚ ንክኪ ሊያየው ይችላል። ሁለቱንም እግሩን ተክሎ ፊቱን ወደ ተጋጣሚው አዙሮ ቦታውን አስቀድሞ የያዘን ተከላካይ ደረቱ ላይ የገጨ አጥቂ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው። መለኪያው የወደቀው ማን ነው የሚለው ሳይሆን ቦታው የማን ነበር የሚለው ነው።

ዳኛው ተሳስቷል የሚል ቡድንስ ምን ማድረግ ይችላል? በዚህ ረገድ በስፖርቱ ታሪክ ከሁሉ የከፋው ውዝግብ የተነሣው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የፍጻሜ ጨዋታ ነው። የአሜሪካ ቡድን ቅርጫት ኳስ ወደ ኦሊምፒክ ከገባበት ከ1936 ጀምሮ 63 ጨዋታ አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም ነበር። ሦስት ሰከንድ ሲቀር ዳግ ኮሊንስ ሁለት የቅጣት ውርወራ አስገብቶ ቡድኑን 50 ለ 49 አስመራ። ሶቪየቶች ኳሱን አስገብተው ጨዋታው እንደቀጠለ፣ አሠልጣኛቸው የእረፍት ጊዜ ጠይቀው እንደነበር በመግለጻቸው አንድ ሰከንድ ሲቀር ጨዋታው ተቋረጠ። የፊባ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ዊሊያም ጆንስ በጨዋታ ሂደት የመወሰን ሥልጣን በደንቡ ሳይሰጣቸው ሰዓቱ ወደ ሦስት ሰከንድ እንዲመለስ አዘዙ። ሰዓቱ በትክክል ሳይስተካከል ጨዋታው ተጀምሮ ደወሉ በመሰማቱ አሜሪካውያኑ ደስታቸውን ሲገልጹ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲደገም ተወሰነ። በዚህኛው ኢቫን ኤዴሽኮ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የወረወረውን ኳስ አሌክሳንደር ቤሎቭ ተቀብሎ አስገባ፤ ውጤቱም 51 ለ 50 በሆነ የሶቪየት አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ብራዚላዊው ዳኛ ሬናቶ ሪጌቶ የውጤት ቅጹን ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆኑም። የአሜሪካ ይግባኝ በአምስት አባላት ጉባኤ 3 ለ 2 ተሸንፎ ውድቅ የተደረገ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹም የብር ሜዳሊያውን አልተቀበሉም።

ከዚህ ታሪክ የሚታየው፣ በቅርጫት ኳስ ይግባኝ የሚባልበት ጉዳይ ከሰዓትና ከመዝገብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው። በፊባ ደንብ ዛሬም ቡድን ተቃውሞ ማቅረብ የሚችለው በውጤት ምዝገባ፣ በጨዋታው ሰዓት ወይም በ24 ሰከንዱ ሰዓት አሠራር ላይ ሳይታረም የቀረ ስህተት ሲኖር፣ ጨዋታው እንዲቋረጥ ወይም በፎርፌ እንዲጠናቀቅ ሲወሰን፣ አለዚያም መጫወት የማይገባው ሰው ሲሰለፍ ነው። ተራምዷል ወይስ አልተራመደም፣ ሦስት ሰከንዱ ሞልቷል ወይስ አልሞላም የሚለው የዳኛው እይታ ለተቃውሞ አይቀርብም። ተቃውሞ ያለው ቡድን አምበሉ ጨዋታው ካበቃ 15 ደቂቃ ሳያልፍ ለዋናው ዳኛ አሳውቆ በውጤት ቅጹ ላይ ለዚሁ በተዘጋጀው ቦታ መፈረም አለበት። ውድድር የሚያዘጋጁ የመሥሪያ ቤት የስፖርት ኮሚቴዎች ቅጹን ሲያባዙ ይህ የፊርማ ቦታ መኖሩን፣ አምበሎቹም የት እንደሚፈርሙ ከጨዋታው በፊት ማወቃቸውን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።